ከስፌት ክፍሉ እስከ አልጋው አሥራ ስምንት ሜትር

የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ከጥበቱ የተነሣ ሁለት ደንበኞች ጎን ለጎን ከቆሙ ሦስተኛው ደጅ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ከባንኮኒው ፊት የቆሙት አንድ ጡረተኛ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምሰሶ ለምሰሶ ሲወጡና ሲወርዱ በመኖራቸው ሥራቸው ስማቸውን ውጦት፣ ሠፈርተኛው ሁሉ «ጋሽ መስመር» ብሎ ነው የሚጠራቸው። እርሳቸውም በዚህ አይከፉም፤ እንዲያውም በእውነተኛ ስማቸው የጠራቸው ሰው ሲገኝ፣ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዘወር ብለው ያያሉ።

«ከዚህ የሚወፍር የለህም?» አሉት ባለሱቁን፣ አንድ ጥቁር የምስል ገመድ የሕመምተኛ ክንድ እንደሚዳስስ ሐኪም በሁለት ጣቶቻቸው እየጨበጡ።

«ጋሼ፣ ከዚህ የሚወፍረው መርከብ የሚታሰርበት ነው።»

«ቀልዱን ተወውና መጋዘን ግባ!»

ባለሱቁ ሊገባ ሲል ከኋላቸው የሴት ድምፅ ተሰማ። «ይቅርታ አባባ፣ በሰው ነገር ገባች አይበሉኝና፣ ለስንት ሜትር ነው የፈለጉት?»

ዘወር አሉ። የሥራ ካፖርት የለበሰች፣ የመሣሪያ ቦርሳ በትከሻዋ ያንጠለጠለች፣ ጫማዋ በመሰላል መርገጫ የተፋቀ ወጣት ናት።

«ለአሥራ ስምንት። ምነው?»

«ከካሜራ ወደ ቴሌቪዥን የሚሄድ ከሆነ፣ በአሥራ ስምንት ሜትር ላይ የመዳቡ መወፈር እምብዛም አይረዳዎትም። ለዚህ ርቀት በብርሃን የሚሠራው ፋይበር ነው የሚያዋጣው።»

ባለሱቁ አፉን በመዳፉ ሸፈነ፤ የሚከተለውን ያውቃላ።

«የኔ ልጅ፣» አሉ ጋሽ መስመር፣ እጅግ የተቆጡ ሽማግሌዎች በሚመርጡት የለሰለሰ አነጋገር፣ «እኔን ነው ስለ ሽቦ የምትመክሪኝ? አንቺ ገና ሳትታሰቢ፣ እኔ ምሰሶ አናት ላይ ተንጠልጥዬ፣ ዝናብ ጀርባዬን እየደበደበኝ፣ የተቆራረጠ ሰው አገናኝ ነበር። መዳብ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።»

«አባቴም ልክ እንደዚሁ ነው የሚለው፤» አለች ወጣቷ ፈገግ ብላ። «እሱም የመስመር ሠራተኛ ነበር። ጓደኞቹ ‹ረጅሙ› ይሉታል።»

የሽማግሌው ቁጣ መሬት ሳይነካ ተነነ። «ረጅሙ? ያ ያለ መሰላል አምፖል የሚቀይረው?»

«እሱ ራሱ!»

«ደኅና ነው? አለ?»

«አለ እንጂ! ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው የሚኖረው። እስካሁን የሚያስጎነብሰው የበር መቃን እንጂ ዕድሜ አይደለም።»

ጋሽ መስመር ከት ብለው ሳቁ። አብሯቸው አንድ ምሰሶ የወጣ ሰው ልጅ ባዳ ልትሆንባቸው አልቻለችም፤ እርሷም የቴክኒክ ትምህርቷን ጨርሳ በየስብሰባ አዳራሹ የምስልና የድምፅ ገመድ እንደምትዘረጋ ስትነግራቸው፣ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳቸውን ጉዳይ ዘረገፉላት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለቤታቸው የልብስ ስፌት መምህር ናቸው። በግቢው ማዶ ካለው ረጅም ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክርና መርፌ ሲያስይዙ ኖረዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ደረጃ አዳልጧቸው የዳሌ አጥንታቸው ተሰነጠቀ፤ ሐኪሙም ለስድስት ሳምንት ከፎቁ መኝታ ቤት ንቅንቅ እንዳይሉ አዘዘ። ሐሙስ ደግሞ የአሥራ ሁለት ተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ፈተና ነው። የሙያ ማኅበሩ በጻፈው ደብዳቤ፣ መምህሯ አልጋቸው ላይ ሆነው እያንዳንዱን ስፌት አጥርተው ማየት ከቻሉ ራሳቸው ይፍረዱ፣ ካልቻሉ ግን ከሌላ ትምህርት ቤት ፈታኝ እልካለሁ አለ። መምህሯ ያሳደጉትን እጅ ለሌላ ሰው ዓይን አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም። ደብዳቤውን አንብበው አልተናገሩም፤ አጥፈው ትራሳቸው ሥር ከተቱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋሽ መስመር ከምንም በላይ የፈሩት ያንን ዝምታ ነበር።

ስለዚህ በቻሉት ሁሉ ተሯሯጡ። መጀመሪያ በእጅ ስልክ ተሞከረ፤ ምስሉ ትንሽ፣ አመጣጡም ዘግይቶ ሆነ። «እጅ ሲነሣ አያለሁ፣ መርፌው የት እንደገባ ግን አላይም፤» አሉ መምህሯ። ከዚያ ጋሽ መስመር ከስፌት ክፍሉ እስከ መኝታ ቤቱ በመዳብ ሽቦ ሁለት ጥንታዊ ስልኮች አገናኙ፤ ያ ወዲያው ሠራ፤ መምህሯ ከአልጋቸው ሆነው እንደ ልባቸው የሚቆጡበት መሣሪያ አገኙ። ቀጥሎ ካሜራ ተከራዩ፣ ትልቁን ቴሌቪዥን ወደ ፎቅ አወጡ፣ በሁለቱ መካከልም ከሱቅ የገዙትን የመዳብ ገመድ ዘረጉ። ሰኞ ዕለት ሙከራ ተደረገ።

ሙከራው ጉድ ሆነ። «ዝምተኛዋ» የምትባለው ተማሪ የሰፋችውን ጥቁር ኮት ካሜራው ፊት ስትዘረጋው፣ ስልኩ ተንጫረረ።

«ይሄ ሁሉ ጥጥ ምንድን ነው? ጥቁር ጨርቅ ላይ ብጭቅጫቂ አራግፋችሁ አቅርቡ አላልኩም?»

ዝምተኛዋ ኮቱን በብሩሽ ጠረገች። «አሁንም አለ!» ደግማ ጠረገች። «ልጄ፣ የምትጠርጊው ነው ወይስ የምትነሰንሺው?» ምስኪኗ ልጅ የብሩሹ ፀጉር እስኪረግፍ ድረስ ፈተገችው፤ በኮቱ ላይ ግን አንዲት ብናኝ እንኳ አልነበረችም። ነጫጭ ነጥቦቹ የነበሩት ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። የስፌት መኪናዎቹ አንድ ላይ ሲነሡ ደግሞ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ሲቆሙ ተመልሶ በራ።

«አየህ አንተ ሰውዬ፣» አሉ መምህሯ ባላቸውን፣ «ያንተ ገመድ ተማሪዎቼን የሚያሳየኝ ሥራ ሲፈቱ ብቻ ነው!»

የረጅሙ ልጅ ይህን ስትሰማ በሱቁ ውስጥ እስኪያንቃት ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፈረች። «ጋሼ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ የለኝም። መጥቼ ልይላችሁ? ካላመኑኝ ምንም አይግዙ።»

«ነይ እንጂ፤» አሉ ጋሽ መስመር። «የረጅሙ ልጅ ቤቴ መጥታ ብትሳሳት እንኳ ደስ ይለኛል።»

በቀጠሮዋ ደረሰች። ከመግባቷ በስፌት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተዘረጋውን ገመድ ቆም ብላ ተመለከተች፤ ቀጥ ያለ፣ በእኩል ርቀት በትናንሽ ሚስማር የተያዘ፣ እንደ ተሰመረ መስመር የማይዛነፍ ሥራ ነበር። ከጎኑ፣ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት፣ የስፌት መኪናዎቹ የኤሌክትሪክ መስመር አብሮት ይሄዳል።

«እጅዎ ይባረክ፤» አለች ከልቧ። «እንዲህ ያለ አዘረጋግ ትምህርት ቤትም አላየሁም።»

ጋሽ መስመር ደረታቸው ነፋ አለ። ሆኖም ምስጋናው ከምን በፊት እንደመጣ አላጡትምና፣ «ደግሞ ቀጥይ፤ ‹ግን› የምትለዋን አምጫት፤» አሏት።

«‹ግን›ን እኔ ከምናገር ራሱ መዳቡ ይናገር።»

ካሜራውን ከስፌት ክፍሉ ነቅላ ወደ ፎቅ አወጣችው። መምህሯ በትራስ ተደግፈው፣ ማጉያ መስታወታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይጠብቋት ነበር።

«እንኳን መጣሽ ልጄ። እስቲ ከዚህ ሽቦ ጋር ሁለተኛ ትዳር ከመሠረተው ሰው አስታርቂኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ላስታርቅ እንጂ ላፋታ አልመጣሁም፤» አለች የረጅሙ ልጅ። ከቦርሳዋ ሁለት ሜትር የማይሞላ ተራ የመዳብ ገመድ አውጥታ፣ ካሜራውን አልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀምጣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። ያንኑ ጥቁር ኮት አስመጥታ ዘረጋችው።

ስክሪኑ ላይ ኮቱ ጥቁር ሆኖ ታየ፤ ከሰል የመሰለ፣ አንዲት ነጥብ የሌለበት ጥቁር። የኮሌታው ስፌት ክር በክር ይቆጠራል።

መምህሯ ማጉያ መስታወታቸውን አነሡ፣ አወረዱ። «ንጹሕ ነው፤» አሉ ቀስ ብለው። «ሰኞ ያን ሁሉ ያወረድኩባት ልጅ ሥራ ንጹሕ ነበር።»

«ያው ካሜራ፣ ያው ቴሌቪዥን፣ ያው ኮት ነው፤» አለች የረጅሙ ልጅ ወደ ጋሽ መስመር ዞራ። «ገመዱም መዳብ ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ መዳብ ጥፋተኛ አይደለም። ከአቅሙ በላይ ያሯሯጡት ነው የደከመው።»

ጋሽ መስመር አገጫቸውን ያዙ። ሰው በሚጠላው ነገር ላይ የቀረበን ክስ ማመን አይከብደውም፤ በሚወደው ላይ ሲሆን ግን ማስረጃውን ፊቱ አስቀምጠውለት እንኳ የሚያይበትን ዓይን ያጣል። ሽማግሌው ሠላሳ አንድ ዓመት ያጎረሳቸውን መዳብ በአንዲት የምሳ ሰዓት መካድ እንደ ክህደት ታያቸው።

«እንግዲያ አስረጂኝ፤» አሉ ወንበር ስበው ተቀምጠው። «እኔ በመዳብ ድምፅ መቶ ኪሎ ሜትር አሻግሬያለሁ። እንዴት አሥራ ስምንት ሜትር ያቅተዋል?»

«ድምፅ ቀላል መንገደኛ ነዋ! በስልክ የሚያልፈው አንድ ሰው ነው ይበሉ። በዚህ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ሙሉ ስታዲየም ነው፤ ያውም በየሴኮንዱ ስልሳ ጊዜ ገብቶ የሚወጣ። አንዱ ሰውዬ ቢደናቀፍ ወሬው ይደርሳል፤ ‹ሄሎ፣ ሄሎ፣ አልሰማሁህም› ተባብለን እንጨርሰዋለን። ስታዲየሙ ሲደናቀፍ ግን ነጭ ነጥብ ይሆናል፣ ሲብስም ይጠፋል። በዚያ ላይ የስፌት መኪናው ሞተር አጠገቡ ሲያጓራ፣ መዳብ ጆሮ አለውና ሁከቱን ይሰማል። ፋይበር በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ብርሃን ደግሞ ሞተር ቢያጓራበት ዞር ብሎ አያይም።»

«መስታወት ነው አይደል ግን?» አሉ ጋሽ መስመር፣ የመጨረሻ ምሽጉን እንዳገኘ ወታደር ዓይናቸው በርቶ። «መስታወት ይሰበራል!»

የረጅሙ ልጅ ቀጭን ገመድ ከቦርሳዋ አውጥታ የአልጋውን ራስጌ ላላ አድርጋ ጠመጠመችበት። «ሰፋ አድርገው ካጠፉት አይሰበርም። የሚሰበረው እንደ መዳብ በክርን ላይ አጥብቀው ሲጠቀልሉት፣ ማዕዘን ላይ በመዶሻ ሲያስጎነብሱት ነው።»

«እሺ፤ ይበጠስ እንበል። መዳብ ቢበጠስብኝ በጥርሴ ልጬ፣ ጠምዝዤ፣ ሻዩ ሳይበርድ እቀጥለዋለሁ። ያንቺ ብርሃን ሲበጠስ በምን ይሰፋል?»

ወጣቷ ገመዱን ከራስጌው ፈታች። መምህሯ ከአልጋቸው ቀና ብለው በጉጉት ተመለከቷት።

«እዚህ ላይ ረቱኝ፤» አለች በመጨረሻ። «ይኸኛው ገመድ ቤት ውስጥ አይቀጠልም፤ ከተበላሸ ይቀየራል። ዋጋውም ከመዳቡ ይበልጣል፤ ይህንን አልደብቅዎትም። ለዚህ ነው ሚስማር ከመምታት ሰፊ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ የሚሻለው። ደግሞ ለሁለት ለሦስት ሜትር ብለው ፋይበር ቢገዙ፣ እኔ ራሴ ነኝ የምስቅብዎት።»

ጋሽ መስመርን ከክርክሩ ሁሉ ይልቅ የረታቸው ይህ መልስ ነበር። በሕይወታቸው ብዙ ሻጭ ሰምተዋል፤ የሚሸጠውን ዕቃ ጉድለት ሳይጠየቅ የሚናገር ግን አልገጠማቸውም። ደግሞም ዕውቀት ትዕቢት ከሌለበት ሽማግሌን አያሳፍርም፤ ቦታ ይለቅለታል እንጂ።

«አንድ ነገር ልጨምርልዎት፤» አለች ቦርሳዋን እየዘጋች። «በዚህ በፋይበሩ ገመድ ውስጥ ከብርሃኑ ክሮች ጎን ጥቂት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች አሉ። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ጥቃቅን መሣሪያዎች ኃይል የሚያገኙት በእነሱ ነው።»

«መዳብ አለበት?»

«ያለ መዳብ አይበራም።»

«ቀድሞ እንዲህ አትይኝም!» አሉ ጋሽ መስመር ከወንበራቸው ብድግ ብለው። መምህሯ እየሳቁ ሳቁ ዳሌያቸው ድረስ ተሰማቸውና፣ «ኧረ እባካችሁ አታስቁኝ፣ አጥንቴ!» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ፋይበሩ ተገዛ። የረጅሙ ልጅ ከከተማው ማዶ አዳራሽ ውስጥ ሥራ ስለነበረባት መምጣት አልቻለችም፤ ጋሽ መስመርም ቢሆኑ ሌላ ሰው በቤታቸው ገመድ እንዲዘረጋ አይፈቅዱም። ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ ከኤሌክትሪኩ መስመር አርቀው ገጠሙ። የእያንዳንዱን ማዕዘን መታጠፊያ ሰፊ ለማድረግ ከባለቤታቸው ዕቃዎች መካከል የብብት መቁረጫውን ጎባጣ ማስመሪያ ተዋሱ። ከዚያ ገመዱን አንዴም በክርናቸው ላይ ሳይጠቀልሉ፣ አራስ ልጅ እንደሚያሻግር ሰው በሁለት እጃቸው ደግፈው አሳለፉት። ከገመዱ ጋር አንድ ቀጭን ሲባጎም ቱቦው ውስጥ ተዉ፤ ይህ ማንም ያላዘዛቸው የድሮ መስመር ሠራተኛ ልማድ ነው፤ ነገ የሚጎተት ነገር አይታጣም ብለው የሚያምኑ ሰዎች ልማድ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ጫፎች ሰኩ። ደረጃውን እንደ ወጣት ዘለው ፎቅ ወጡ።

ስክሪኑ ጥቁር ነበር።

ነቀሉ፣ ሰኩ። ቴሌቪዥኑን አጠፉ፣ አበሩ። ካሜራውን ተማሪዎቹ እንዲነካኩት በስልክ ጮኹ። ምንም። ከሰኞው ምስል እንኳ ያነሰ፣ ነጭ ነጥብ የሌለበት ሙት ጥቁር። ጋሽ መስመር አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ፤ ገመድ አታለለኝ ብለው ለሚስታቸው መንገር ከምሰሶ ከመውደቅ የባሰ ሆነባቸው።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ይመጣሉ፤» አሉ ወለሉን እያዩ። «ይህን ካዩ ደግሞ ተመልሰው ሌላ ፈታኝ ነው የሚልኩት። ያቺ ልጅ አሞኘችን። መዳቡን እመልሰዋለሁ፤ ቢያንስ እሱ ነጥብ ነጥብ እያለም ያሳይ ነበር።»

መምህሯ ትራሳቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ያንን ጫፉን ስጠኝ።»

«ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ስጠኝ ስልህ!»

የገመዱን ጫፍ ተቀብለው እንደ ጨርቅ ዳሰሱት፤ አገላበጡት። «አንተ፣ ይሄ ገመድ ፊትና ጀርባ የለውም?»

«ሽቦ ፊትና ጀርባ ምን ያደርግለታል? ሽቦ እኮ ከወዲህም ቢሰኩት ከወዲያም ቢሰኩት ሽቦ ነው! በሠላሳ አንድ ዓመት...»

«ከፋይ ጨርቅ ታውቃለህ?» አሉ መምህሯ አቋርጠዋቸው። «ለማያውቅ ሰው ከየትም ቢቆርጠው ከፋይ ከፋይ ነው። ጠጉሩ ግን የሚተኛበት አንድ አቅጣጫ ነው ያለው። አንዱን እጅጌ ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ቆርጠህ ብትሰፋው፣ አንድ ልብስ ሁለት ቀለም ሆኖ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ዓመት ላይ ያላበላሸ ተማሪ የለኝም። በዚህ ገመድ የሚሄደው ብርሃን ነው አላለችም? ብርሃን ደግሞ ከሚበራበት ወደሚታይበት ነው የሚሄደው።» ማጉያ መስታወታቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና ጫፉ ላይ የተቀረጸችውን ትንሽ ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበቧት። «ይሄው። ‹ምንጭ› ይላል። ምንጩ ደግሞ ካሜራው ነው። አንተ ምንጩን እኔ ራስጌ ላይ ሰክተኸዋል።»

ጋሽ መስመር ጽሑፏን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። ከዚያ ጣራውን አዩ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ከኔ ጋር ስትኖሪ ነው ወይስ ዛሬ ነው መስመር ሠራተኛ የሆንሽው?»

«ሂድና ገልብጠው፤ ጊዜ አታጥፋ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ቱቦውን ሁሉ ፈትቶ እንደገና ይጀምር ነበር። ጋሽ መስመር ግን ሲባጎአቸው ቱቦው ውስጥ ነበረች። ገመዱን ከቱቦው ስበው አውጥተው፣ ‹ምንጭ› የሚለውን ጫፉን በሲባጎዋ አስረው፣ ሁለት ተማሪዎች ከወዲያ ቀስ ብለው እየለቀቁላቸው፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥራ ስምንቱን ሜትር አዙረው ጨረሱ። ይህን ጊዜ ደረጃውን አልዘለሉትም፤ ቀስ ብለው ወጡ። ከበሩ ሳይደርሱ ባለቤታቸው በስልኩ አንዱን ተማሪ በቅጽል ስሙ እየጠሩ ሲያምባርቁበት ሰሙ።

«አንተ ፈጣኑ! ክፍሉ ጥግ ተደብቀህ ብስኩት የምትበላው፣ አየሁህ!»

ጋሽ መስመር በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። መምህሯ ፊታቸውን ከግድግዳው አዙረው፣ በትልቁ ስክሪን ላይ የራሳቸውን ክፍል፣ የራሳቸውን ጠረጴዛዎች፣ የተማሪዎቻቸውን ሳቅ እያዩ፣ ዓይናቸው እርጥብ ብሎ ይስቁ ነበር። ሽማግሌው ያን ቀን የተናገሩት ነገር ቢኖር ለረጅሙ ልጅ ደውለው፣ «ለአባትሽ ንገሪው፤ ሚስቴ ከሁለታችንም በለጠች በይው፤» ማለታቸው ብቻ ነው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ የሙያ ማኅበሩ ጸሐፊ ክራቫታቸውን አስረው፣ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ፎቅ ወጡ። በጥርጣሬ የተሞሉ ሰው ነበሩ። የረጅሙ ልጅም ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

«እንግዲህ ከዚህ ሆነው ስፌት ያያሉ ማለት ነው?» አሉ ጸሐፊው።

«እናያለን፤» አሉ መምህሯ።

አሥራ ሁለቱም የስፌት መኪናዎች አንድ ላይ ተነሡ። ስክሪኑ አልጠፋም፤ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። መርፌዎቹ ሲወጡና ሲወርዱ ይታዩ ነበር።

ተራ በተራ ሥራቸውን አቀረቡ። የቁልፍ ቀዳዳ፣ ኮሌታ፣ ገበር፣ ቅምቅማት። ፈጣኑ የሚባለው ልጅ ሸሚዙን ሲዘረጋ መምህሯ ስልኩን አነሡ።

«ሦስተኛው ቁልፍ ሥሩ ላይ ክር አልተጠመጠመለትም።»

ጸሐፊው ወንበራቸውን ሳቡ፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። «እኔ ምንም አይታየኝም።»

ከታች የፈጣኑ ድምፅ በስልኩ መጣ። «እትዬ፣ አሥራ ስምንት ሜትር ርቄ፣ ግድግዳና ደረጃ መካከላችን ገብቶ፣ አሁንም ላመልጥዎት አልቻልኩም?» ታችም ላይም ሳቅ ሆነ። ጸሐፊውም ሳቁ፤ መዝገባቸውን ከፈቱና፣ መጠየቁን ትተው መጻፍ ጀመሩ።

የመጨረሻዋ ዝምተኛዋ ነበረች። ጥቁሩ ኮት ስክሪኑን ሞልቶ ሲታይ መምህሯ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ፣» አሉ በስልኩ፣ «በዚህ ኮት ላይ አንዲት ብናኝ የለችም። ሰኞም አልነበረችም። ያየሁት የገመዱን ጉድለት ነው፣ የወቀስኩት ግን አንቺን ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከታች፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከሁለት ቃል በላይ ስትናገር ያልተሰማችው ልጅ፣ «እኔስ ይቅር ብያለሁ እትዬ፤ ብሩሹ ግን ተመልጧል፤» አለች።

አሥራ ሁለቱም አለፉ። ፈጣኑ ቁልፉን አስተካክሎ እንዲያመጣ ታዝዞ አለፈ። ጸሐፊው ሲሰናበቱ ደረጃው ላይ ቆም ብለው ጋሽ መስመርን ያዟቸው። «አንድ መምህር በታመመ ቁጥር ተማሪ የሚጉላላበት ምክንያት የለም ለካ። ለማኅበሩ አዳራሽ እንዲህ ያለ ቢዘረጋልን እኮ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንዲት መርፌ ዙሪያ መጋፋቱ ይቀራል፤ ከኋላ የተቀመጠውም እኩል ያያል።» ጋሽ መስመር ወደ ረጅሙ ልጅ አመለከቱ። «ልኬቱና ምርጫው የእሷ፤ ቱቦውና ሲባጎው የኔ። ሁለታችንንም ካልጠሩ አንዳችንም አንመጣም።»

እንዲህም ሆነ። ሁለቱ ባለሙያዎች አዳራሹን ዘረጉት፤ ወጣቷ የመታጠፊያን ስፋት ለሽማግሌው መንገር ያስፈለጋት ቀን ቀርቶ፣ እርሳቸው እርሷን «ሰፋ አድርጊው፣ ሰፋ!» ማለት ጀመሩ። እርሷም ከዚያ ወዲህ ሲባጎ ሳትተው ቱቦ ዘግታ አታውቅም። መምህሯ ቀናቸውን ጨርሰው በምርኩዝ ወደ ስፌት ክፍላቸው ሲወርዱ ካሜራው ከቦታው አልተነሣም፤ የተማሪን መርፌ አያያዝ አጉልቶ ለሁሉም ማሳየት እንደሚጠቅም ተምረዋልና። በአልጋቸው ራስጌ የነበረው የመዳብ ስልክም አልተነሣም። ድምፅ በእርሱ ይሄዳል፤ ምሳ ደርሷል የሚለውም፣ ና ቶሎ የሚለውም።

አንድ ቀን ጋሽ መስመር ሲባጎ ሊገዙ ወደዚያው ጠባብ መደብር ገቡ። ከፊታቸው አንድ ጎልማሳ ቆሞ ከባለሱቁ ጋር ይሟገታል።

«ወፍራም መዳብ ስጠኝ አልኩህ እኮ! በረንዳ ላይ ለቤተሰቡ ፊልም ላሳይ ነው።»

ባለሱቁ አሻግሮ አያቸውና እንደ ልማዱ አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣» አሉ ጋሽ መስመር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በሰው ነገር ገቡ አትበለኝና፣ ለስንት ሜትር ነው?»

«ሃያ አካባቢ ነው አባባ።»

«እንግዲያ ስማኝ። ቴሌቪዥንህ ከማጫወቻው ጎን ቢሆን ኖሮ መዳብ ግዛና ደኅና ዋል እልህ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ብትረግጠውም አይቀየምህም። ሃያ ሜትር ላይ ግን ሚስትህ የተዋናዩ ፊት ላይ ኩፍኝ ወጣበት ትልሃለች። ፋይበር ውሰድ። ስታጥፈው ሰፋ አድርገው። ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ቢጎራበትም አትጨነቅ፤ አይሰማውም። ቱቦ ውስጥ ሲባጎ ተውለት። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «ሳትሰካው ጫፍና ጫፉን በማጉያ መስታወት አንብብ። ፊትና ጀርባ አለው።»

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አያቸው። «እርስዎ ፋይበር ይሸጣሉ እንዴ አባባ?»

«እኔ?» አሉ ጋሽ መስመር፣ ቀና ብለው። «እኔ የመዳብ ሰው ነኝ። ለዚህ እኮ ነው የምነግርህ!»